ጡረታ በአርባ ሁለት ዓመት

ጥር 12

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎት አጎቴ፣ ለጋሼ፣

እርስዎ፣ እትዬና የእንጨት ሥራ ቤቱ ሰው በሙሉ እንዴት ከረማችሁ? ሳሉ ለቀቀዎት? ጉልበትዎስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከጥቂት ሽበት በስተቀር የተጨመረብኝም የተቀነሰብኝም ነገር የለም። እድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ምርቃትዎን አያሳጣኝ።

ደብዳቤውን ገና ሲከፍቱት "ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ በማሽን ጻፈችልኝ?" ማለትዎ አይቀርም። ማተሚያ ገዛሁ ጋሼ። ኮምፒውተሩ ላይ እጽፋለሁ፣ ማተሚያው ወረቀቱን ይተፋልኛል። ቁም ነገር በስልክ አይወራም የሚለውን ሕግዎን አልጣስኩም።

ቁም ነገሩም ይኸውልዎት። ሥራ ለቀቅሁ። አልተባረርኩም፣ ከማንም አልተጣላሁም። በቃኝ ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። በአርባ ሁለት ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ ማለት ነው።

"እንዴት ሆኖ?" ይሉኛል። እንደዚህ ሆኖ ነው። አሥራ አራት ዓመት ወደቡ ላይ ክሬን ስነዳ፣ ሌላው መኪና ሲቀይር እኔ ጫማ አስጠገንኩ። ጓደኞቼ እረፍት ሲወጡ የእነሱን ፈረቃ ሸፈንኩ። "እሷ እኮ ስትጋበዝ እንጂ ስትጋብዝ ታይታ አታውቅም" ሲባል በጆሮዬ ሰምቼ ዝም አልኩ። ከደሞዜ የተረፈውን ሁሉ አክሲዮን ገዛሁበት፣ በኋላም አንዲት ጠባብ ቤት ገዝቼ አከራየሁ። አሁን ከአክሲዮኑና ከኪራዩ የሚገባው ለወር ወጪዬ ይበቃኛል። ቅንጦት የለውም፣ ግን ይበቃኛል። ነገ ጠዋት አለቃዬን ደስ አላሰኘሁት ይሆን ብዬ አልጨነቅም።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ እርስዎ ያውቁታል። ወንድምዎ ነው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ለአባቴ ምሳ ይዤ ፋብሪካው በር ስሄድ፣ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ አለቃው ከመኪና እስኪወርድ ሲጠብቅ አገኘው ነበር። ቤት ውስጥ ድምፁ ግድግዳ የሚያነቃንቅ ሰውዬ እዚያ ሲደርስ ያቺ "እሺ ጌታዬ" እንዴት እንደምትቀጥን አልረሳውም። ያኔ ነው ለራሴ የማልኩት። ይኸው ደረስኩበት፣ ጋሼ። ኩራቴን የምናገርበት ሌላ ሰው ስለሌለኝ ለእርስዎ ነው የምናገረው።

ኩባንያው ወንበሬን እስከ ሰኔ መጨረሻ እንደሚያቆይልኝ ነግሮኛል። እስከዚያ ከተመለስኩ ተመለስኩ፣ ካልሆነ የክሬን ፈቃዴ ይሰረዛል፣ ወንበሩም ለሌላ ይሰጣል። እንዳይከፋቸው ብዬ እሺ አልኩ እንጂ የምመለስ እንዳይመስልዎት።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ስልሳ ስድስት ሞላዎት። ሰጋቱራ ሲስቡ ኖረው ሳንባዎ የቤት እቃ ሆኗል። ሥራ ቤቱን ይዝጉና ይረፉ። ለእርስዎና ለእትዬ በየወሩ የሚያስፈልገውን እኔ እልካለሁ፣ ቃሌ ነው። ሁለታችንም አንድ ላይ ጡረታ እንውጣ።

መልስዎን በጉጉት የምትጠብቅ፣
የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 3

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ክፉ አይንካሽ፣ የነካሽም ካለ በቶሎ ይሻርልሽ። እኛ ደህና ነን። ሳሉ ለቆኛል፣ ጉልበቴ ግን እንደ አሮጌ ማጠፊያ ይንቋቋል። እትዬሽ "አጥብቃ ትብላ በልልኝ" ብላለች።

ደብዳቤሽ ደርሶን አነበብነው። እኔ አነበብኩት፣ እትዬሽ አነበበችው፣ ከዚያ ሰባት ጣት ወስዶ መስኮቱ ጋ አስጠግቶ ፊቱንም ጀርባውንም አየው። ሰባት ጣትን መቼም አትረሺውም። ትልቁ መጋዝ ሦስቱን ከወሰደበት ወዲህ ስሙ ይኸው ነው፣ እሱም ስልክ ሲያነሳ "ሰባት ጣት ነኝ" ነው የሚለው። ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ ወደ መላጊያው ተመለሰ።

እንግዲህ ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ፣ ለምን ጠየቅኸኝ እንዳትዪኝ። በርሽን የምትከፍቺው በየትኛው እጅሽ ነው? ሽንኩርት ማን ይከትፍልሻል? ጫማሽ ማሰሪያ አለው ወይስ የለውም? ሥራ ስትለቂ ያስፈረሙሽ ወረቀት ላይ "ሌላ ምንም አልጠይቅም" የሚል ነገር ነበረበት? ካለበት ለጠበቃ አሳዪው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሰውን ካስጎዳ በኋላ በጣፋጭ ቃል ነው የሚሸኘው። እኔ እንግዲህ በጠቅላላው ነው የምናገረው።

ስለ ጡረታሽ የጻፍሽውን ሁሉ ተረድቼዋለሁ። አንቺ ከልጅነትሽም ብትወድቂ ተነስተሽ አቧራሽን አራግፈሽ "አልወደቅሁም" የምትዪ ነበርሽ። ይኼ ጠባይሽ ያኮራኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያስፈራኛል።

ሥራ ቤቱን ዝጋው ያልሽኝን በኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን ስለ እኔ የሚወራበት ጊዜ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። የሚቀጥለውን ደብዳቤ በእጅሽ ጻፊልኝ። ሁለት መስመር ትሁን። ጠማማ ብትሆንም ግድ የለኝም። በግራሽም ቢሆን።

ሁልጊዜ ከጎንሽ ያለ፣
አጎትሽ


የካቲት 24

ለምወድዎት ጋሼ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎና ከመላ ቤተሰብዎ ጋር ይሁን። ለጉልበትዎ የሚሆን ቅባት በሰው ልኬያለሁ፣ ሌሊት ሌሊት ይቀቡት። ለእትዬ አጥብቄ እየበላሁ ነው ይበሉልኝ፣ ሥራ ከፈታሁ ወዲህ ሱሪዎቼ ሁሉ ይመሰክራሉ።

የጠየቁኝ ጥያቄ ግራ ቢያጋባኝም ታዛዥ ነኝና ልመልስ። በሬ በቁልፍ አይከፈትም፣ ቁጥር ሲነኩት ራሱ ይከፈታል። ሽንኩርቱን የተከተፈውን ነው የምገዛው። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም፣ ማሰሪያ ማሰር ከተውኩ ቆየሁ። በእጅሽ ጻፊ ያሉኝን ግን ይቅር ይበሉኝ። እጄ ከመጻፍ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ ማሽኑ ይጻፍልኝ።

ስለ ኑሮዬ ልንገርዎ። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የለም። ቁርሴን ቁጭ ብዬ እበላለሁ፣ ቆሜ መጉረስ ቀረ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ጋዜጣውን ከፊት እስከ ኋላ አነባለሁ፣ የሟቾችን ማስታወቂያ ሳይቀር። ሥዕል ለመማር ተመዝግቤ ነበር። አስተማሪዋ "የተሰማሽን ሳዪ" ስትለኝ ኮንቴይነር ሳልኩ። "ሌላስ?" ስትለኝ ሌላ ኮንቴይነር ጨመርኩበት። እሱንም ተውኩት። ቀኑ ረጅም ነው ጋሼ፣ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ግን የራሴ ነው።

አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ዝም ብዬ ስሄድ ወደብ ደረስኩ። ከአጥሩ ውጪ አንዲት ሻይ ቤት አለች፣ እዚያ ተቀመጥኩ። በማግስቱም ሄድኩ። ሻዩ ጥሩ ነው።

በእኔ ክሬን ላይ ለጊዜው ሌላ ሰው አስቀምጠዋል። ከእኔ በእድሜ ይበልጣል፣ ሰውየው መጥፎ ሰው አይመስልም፣ ግን ሲያወርድ ቢያዩት ደምዎ ይፈላል። ኮንቴይነሩን እንደ ዥዋዥዌ እያወዛወዘ ነው መኪናው ላይ የሚጥለው። እኔ እኮ ሳስቀምጥ ሹፌሩ እጁ ላይ ያለውን ሻይ አይደፋም ነበር። አንዳንዱ መጫኑን ሳያውቅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበርና "ሂድ እንጂ አባቴ" እያልኩ በሬዲዮ አባርረው ነበር። የዚያን ወደብ ሥራ ከላይ ሆኖ እንደ እኔ ያየው የለም፣ ይህን ስል አላፍርም። ምን አገባኝ አሁን ግን። ጡረተኛ ነኝ።

ሥራ ቤቱን ስለመዝጋት ገና መልስ አልሰጡኝም። ደግሞ አንድ ነገር ቅር ብሎኛል፣ ሆዴ ውስጥ ከማስቀምጠው ልንገርዎ። "እንኳን ደስ አለሽ" አላሉኝም። ስለ ሽንኩርት ጠየቁኝ።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 8

ለልጄ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። የሚያጽናና ሁሉ ካንቺ ጋር ይሁን።

መልሴ የዘገየው ነገር ስናሰናዳ ነው። በባንክ የላክንልሽን ገንዘብ ሄደሽ ተቀበዪ። ብዙ አይደለም፣ ግን ለጊዜው ይይዝሻል። ከየት መጣ፣ እንዴት መጣ እያልሽ አትጨነቂ። ስንት ዓመት አንቺ ልከሽልናል፣ አሁን ደግሞ የእኛ ተራ ነው። ማፈር አያስፈልግም።

ወደ ቤትሽ ተመልሰሽ መኖር ካሰብሽ ክፍልሽ ጸድቶ ይጠብቅሻል። በሩ ላይ የነበረውን ክብ እጀታ ነቅዬ፣ ዝቅ ሲያደርጉት የሚከፈት ረጅም እጀታ ገጥሜበታለሁ። በክንድ ገፋ ሲያደርጉትም ይከፈታል፣ እትዬሽ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ሞክራዋለች። የውኃውንም ቧንቧ እንደዚያው አስቀይሬዋለሁ።

ሰባት ጣት ሰላም ብሎሻል። "መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ በኋላ ይለመዳል በላት" ብሏል።

አጎትሽ


ሚያዝያ 25

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፣ ለእትዬም። ምርቃቱን በሚቀጥለው እመርቃለሁ፣ ዛሬ አልቻልኩም።

ይህን በእጄ ነው የምጽፈው። እንደተናደድኩ ኮምፒውተር እስኪበራ የምጠብቅበት ትዕግስት የለኝም።

ገንዘብ ላኩልኝ? ለእኔ? ማን ነው ተቸግራለች ያለዎት? ባንክ ቤቱ ውስጥ ወረቀቱን ሳየው የሌላ ሰው መስሎኝ ለገንዘብ ከፋይዋ መልሼ ሰጠኋት፣ ልጅቷ "ያንቺ ነው" ብላ በጣቷ ስሜን አሳየችኝ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። አሥራ አራት ዓመት የጠገንኩት ጫማ፣ የሠራሁት የሰው ፈረቃ፣ የሰማሁት ሐሜት ሁሉ እኮ አንድም ሰው እንዲህ አድርጎ እጁን እንዳይዘረጋልኝ ነው። ሰው አልለምንም፣ ሰው አያዝንልኝም ብዬ ነው የኖርኩት። ይህንንም ለእርስዎ ጻፍኩ፣ በኩራት ጻፍኩ፣ ከዓለም ሁሉ መርጬ ለእርስዎ ጻፍኩ። እርስዎ ግን አላመኑኝም። የተባረረች፣ የምታፍር፣ የምትዋሽ መሰልኩዎት።

ደግሞስ የበሩ እጀታ ምንድን ነው? በክንዴ በር የምከፍተው ምን ሆኜ ነው? ሰባት ጣትስ የሚያናድደውና የሚለመደው ምኑን ነው?

ገንዘቡን አልነካሁትም። በዚህ ሳምንት መልሼ እልከዋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 11

ለወንድሜ ልጅ፣ ለቁጡዋ፣

ክንድሽ ይጽና፣ ጣትሽ ይርዘም፣ እጅሽ የያዘው ሁሉ ይባረክ። እንዲህ ያለ ምርቃት ለማንም መርቄ አላውቅም፣ ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ።

እጅሽ አለ። ቀኝ እጅሽ እዚያው ቦታው ላይ አለ። ደብዳቤሽን ስከፍት የራስሽን ጽሑፍ፣ ያንን ወረቀት የሚበሳ አጻጻፍሽን ሳይ፣ ምን እንዳልሽ ሳላነብ ነው ወደ ጓሮ የሮጥኩት። በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ ስልሽ። ሰባት ጣት ተቀብሎኝ አየና "ይኼ ደህና እጅ ነው። የተናደደ ነው እንጂ ደህና ነው" አለ። ከዚያ ጣውላው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እትዬሽ መጥታ "ምን ብላ ነው የጻፈችው?" ስትለን ሁለታችንም ገና አላነበብነውም ነበር።

ልጄ፣ አትፍረጂብን። እኛ አናጢዎች ነን። በእኛ ሥራ ውስጥ ሰው በጉልምስናው፣ ሳይጣላና ሳይባረር፣ "በቃኝ" ብሎ ወጥቶ አናውቅም። እንደዚያ የሚወጣው መጋዝ የነካው ሰው ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት በእጅሽ ጽፈሽልን ድንገት በማሽን ጻፍሽ። ሰባት ጣት ያን ቀን ምሳ ላይ "ልጅቱ እጇን አጥታለች፣ እንዳንጨነቅ ብላ ነው ጡረታ የምትለው" አለ። እሱም አደጋው ሲደርስበት ለእናቱ እንደዚያ ነበር ያላቸው። እኔ "አይሆንም" ብዬ ነው እነዚያን ጥያቄዎች የጠየቅሁሽ። አንቺ ግን ሽንኩርቱ የተከተፈ፣ ጫማው ማሰሪያ የሌለው፣ በሩ በእጅ የማይዞር፣ እጄ ከመጻፍ ወጥቷል ብለሽ መለስሽ። ምን እናስብ?

ገንዘቡን ያዋጡት እነማን መሰሉሽ? ሰባት ጣት፣ ቀለም ቀቢያችን፣ ጣውላ የሚያመላልስልን የጋሪው ሰውዬ፣ እትዬሽም ከመቀነቷ ፈታች። ማንም አላዘነልሽም። የራሳቸው ሰው ስለሆንሽ ነው። የምትመልሺው ከሆነ እዚህ የሚቀበልሽ የለም፣ ጠይቄያቸዋለሁ። ሰባት ጣት "እጇን ስላገኘች የደስ ደስ ትብላበት" ብሏል።

እንኳን ደስ አለሽ። ዘግይቼ ነው፣ ግን ከልቤ ነው። ከዚህ ቤት ወጥቶ፣ ከሰው ሳይቀማ፣ በላቡ እንደዚያ ራሱን የቻለ ከአንቺ በፊት አልነበረም። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። ትናንት የእግር ጣቱን ሊታከም የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሜ ነገርኩት።

አሁን ግን እንደ አባትሽ ሆኜ ልናገር። ወንድሜ ያንን ሥራ ጠልቶት እንዳይመስልሽ። የሽመና ማሽኖቹን ድምፅ በአፉ እያወጣ ነበር እሁድ እሁድ ጫማውን የሚጠርገው። የትኛው ማሽን እንደታመመ ከበር ላይ ሆኖ ያውቅ ነበር። የጎዳው ሥራው አይደለም። መልስ መስጠት አለመቻሉ ነው። አለቃው "ማሽኑን ሳታጠፋ ጠግነው" ሲለው አደገኛ መሆኑን እያወቀ "እሺ ጌታዬ" ማለቱ ነው። ቤት መጥቶ ጣራ የሚያነቃንቅብን ያቺን ቃል ውጦ ስለሚመጣ ነበር። አንቺ ታዲያ ሥራውንና ያቺን ቃል አንድ ላይ ጠቅልለሽ ጣልሻቸው።

እኔም ጥያቄሽን መልሻለሁ። ሥራ ቤቱን አልዘጋም፣ ግን ቅዳሜ ከሰዓት መዝጋት ጀምሬያለሁ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ እትዬሽ "ቁም ሣጥኑን አምስቴ አንቀሳቀስክብኝ፣ ሂድልኝ" ብላ መልሳ ላከችኝ።

እኔ ደግሞ አንድ ልጠይቅሽ፣ ይኼን እንኳ ሳትቆጪ መልሽልኝ። ነፃ ከሆንሽ፣ ለምንድን ነው ከአጥሩ ውጪ የምትቀመጪው? የሰኔ መጨረሻ እየደረሰ ነው።

የሚኮራብሽ፣
አጎትሽ


ሰኔ 23

ለአባቴ ወንድም፣ ለአባቴ፣

በሚያዝያ የቀረብኝን ምርቃት ጨምሬ ልመርቅ። እድሜዎ ይርዘም፣ ሳንባዎ ይጥራ፣ መሮዎ አይዶልዱም፣ ቤትዎ ሰው አይጣ። ለሰባት ጣት፣ ለቀለም ቀቢውና ለጋሪው ሰውዬ አንድ በአንድ ሰላም ይበሉልኝ። እትዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ።

ሻዩ ጥሩ አይደለም ጋሼ። እውነቱ ይኼ ነው። ውኃ ውኃ ይላል። እዚያ የምቀመጠው ሥራዬን ስለምወደው ነው፣ እና ስለናፈቀኝ። ጥያቄዎን አንብቤ ብዙ ቀን ተናድጄ ሰነበትኩ፣ ከዚያ ተነስቼ ኩባንያው ቢሮ ሄድኩ።

ስገባ እንደ ድሮው በሩ ላይ ቆሜ አልጠበቅሁም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "እመለሳለሁ፣ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምሠራው፣ የሰው ፈረቃ አልሸፍንም፣ ያንን አወዛዋዥ ደግሞ እኔ ነኝ የማሠለጥነው" አልኳቸው። ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ "እንዲህ ያለ ውል የለንም" አለኝ። "እንግዲያው ደህና ሁኑ" ብዬ ብድግ አልኩ። ማስመሰል እንዳይመስልዎት፣ በእውነት ልወጣ ነበር። ደረጃው ላይ ጠሩኝ። እነሱ ደግሞ ሁለት መኪና ተጨፍልቆባቸው ነበር፣ ያንን ሳልጠይቅ ነገሩኝ።

ገንዘቡን አልመልስም። ከኔው ጋር ቀላቅዬዋለሁ፣ አሁን የትኛው የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

የዛሬ ሳምንት የሆነውን ልንገርዎና ላብቃ። የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ነፋስ ነበር። መለኪያው ከደንቡ በላይ ሲያልፍ ክሬን መቆም አለበት፣ ይህን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል። መርከቡ ግን ተራግፎ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። የፈረቃ አለቃችን፣ ፉጨት ነው የምንለው፣ በሬዲዮ "መለኪያው ተበላሽቷል፣ አንሱ፣ ጨርሱ" አለ። እኔ ኮንቴይነሩን ከመርከቡ ላይ ይዤዋለሁ፣ ካቢኗ ከእግሬ ሥር ትወዛወዛለች፣ ከታች ሰዎች አሉ። ስንት ጊዜ እንዲህ ሲባል "እሺ" ብለን ጥርሳችንን ነክሰን እንዳነሳን አይጠይቁኝ።

"አላነሳም" አልኩት።

"ምን አልሽ?" አለ። ሬዲዮው የጋራ ነው፣ ስድስቱም ክሬን ይሰማል።

"አላነሳም። ነፋሱ ከልክ አልፏል።"

"ሥራሽን ትፈልጊዋለሽ?"

"በጣም እፈልገዋለሁ" አልኩት። "ግን ያለሱም ራት እበላለሁ። ነፋሱ ሲበርድ ጥራኝ።" ድምፄ አልተንቀጠቀጠም ጋሼ። ኮንቴይነሩን ቦታው መልሼ አስቀመጥኩ፣ ክሬኗን ቆልፌ መሰላሉን መውረድ ጀመርኩ። የአባቴን ኮፍያ አሰብኩት። አይቶኝ ቢሆን ብዬ አሰብኩ፣ መሰላሉ ላይ እንባዬ መጣ፣ ነፋሱ ወሰደው።

ግማሽ ላይ ስደርስ ወገቤ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። ሁለተኛው ክሬን ላይ ያለው ሰውዬ ነው። የአራት ልጆች አባት፣ ኪራይ ያለበት፣ ዓመት ሙሉ ከ"እሺ" ሌላ ቃል ሲናገር ሰምቼው የማላውቅ። ጉሮሮውን ጠረገና "እኔም አላነሳም" አለ። ትንሽ ቆይቶ አምስተኛው። ከዚያ ያ አወዛዋዡ ተማሪዬ። መሬት ስደርስ ቀና ብዬ አየሁ፣ ስድስቱም ቆመዋል።

ምንም አልሆነም። መርከቡ ነፋሱ እስኪበርድ ጠበቀና በማግስቱ ጨርሶ ሄደ። ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አልተባረረም። ስድስት ሰው ቢያባርሩ ማን ያራግፍላቸው።

በኋላ ያ የአራት ልጆች አባት ሻይ ቤቷ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። "እንዴት አልፈራሽም?" አለኝ። ያጠራቀምኩትን፣ እናንተም ያዋጣችሁልኝን ነገርኩት። "ብባረርም አልራብም፣ ለዚህ ነው" አልኩት። ሻዩን ሲያማስል ቆየና "እኔ ብባረር እራባለሁ። ግን አንቺ ቀድመሽ ስትወርጂ መጀመሪያ የምትባረረው እሷ ናት ብዬ ደፈርኩ" አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ፣ ሻይ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለራሴ ብቻ የማጠራቅም መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ገንዘባችን ለስድስታችንም በቃ።

ነገ ፈረቃዬ ነው፣ ልተኛ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ክሬን ነጂዋ